ደንገጎን ስትወጣ የምትገኘው ቢጫ

መስከረም 19። የእህቴ ልጅ ትናንት ማታ ደብተሯን ይዛ መጣች። የቤት ሥራው አንዲት ጥያቄ ናት፦ የኢትዮጵያ ብሔራዊ አበባ ማን ናት? ስልኬን ተቀብላ ፈለገችና ካላ ሊሊ የምትባል ነጭ፣ እንደ ጡሩንባ የተጠቀለለች አበባ አገኘች። "አጎቴ፣ ይቺ የት ነው ያለችው?" አለችኝ። እኔ ያየኋት ሠርግ ላይ፣ ሙሽራ እጅ ውስጥ ነው።

ነገሩ ከነከነኝ፤ ቁጭ ብዬ ሳነብ አመሸሁ። የስዊድኑ የዕፅዋት ሊቅ ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1753 ለአበባዋ ስም ሲያወጣ "ኤቲዮፒካ"፣ የኢትዮጵያ፣ አላት። ያኔ ፈረንጆች ከአፍሪካ ሰፊውን ክፍል ኢትዮጵያ እያሉ ነበር የሚጠሩት። የአበባዋ አገር ግን ደቡብ አፍሪካና ሌሶቶ አካባቢ ነው። እኛ ጋ ያደረሳት ስሟ ይመስለኛል። ሕገ መንግሥቱንም አየሁት፤ አንቀጽ 3 ስለ ሰንደቅ ዓላማ፣ አንቀጽ 4 ስለ መዝሙር ይናገራል፤ ስለ አበባ ግን አንድም ቃል የለም።

ታዲያ እኛ የአገራችን አበባ የምንላትን ቢጫዋን አደይ አበባ ማን ሾማት? ማንም። ክረምቱን ሙሉ ሰማዩ ጠቁሮ፣ መንገዱ ጨቅይቶ፣ ጎተራው ጎድሎ ይከርማል፤ ልክ ዝናቡ ሊያባራና ዓመቱ ሊለወጥ ሲል እሷ ሜዳውን ሞልታ ትወጣለች። ልጃገረዶች ይዘዋት በየደጁ ይዞራሉ፣ ደመራው ላይ ትታሰራለች፣ ከዚያ ጥቂት ቆይታ ትሄዳለች። ዓመቱን ሙሉ ብታብብ ኖሮ ማንም ዞር ብሎ አያያትም ነበር ብዬ አስባለሁ።

ግን አደይ እኛ ጋ፣ ድሬዳዋ ላይ አትበቅልም። እኛ ያለነው 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ነው፣ ሙቀቱን አትችለውም፤ እሷ ደጋና ወይና ደጋ ነው የምትወደው። እኔም ልጅ ሆኜ የማውቃት ገበያ ላይ ታስራ፣ ግማሽ ጠውልጋ ነው። ከሥሯ ቆማ ያየኋት ትልቅ ሰው ሆኜ፣ ከድሬ በላይ ያለውን ዳገት፣ ደንገጎን፣ አልፈን ወደ ቁልቢ ስንሄድ ነው። መኪናው ጎማ ሊቀይር ቆመና ወረድኩ። ከመንገዱ ዳር እስከ ጉብታው ድረስ ቢጫ። ጤዛው ገና አልረገፈም፣ ንብ ይጮሃል፣ ሱሪዬ እስከ ጉልበቴ ራሰ። ለካ ያቺ ገበያ ላይ የምንገዛት እስር ይሄን ሁሉ ትታ ነው የምትመጣው! ጎማው ተቀይሮ ሲጠሩኝ አልሰማሁም።

የኛ የድሬው ቀዩ ዛፍ ነው። ሌላው አገር ሳይቀር "የድሬዳዋ ዛፍ" ነው የሚለው። ግንቦት ላይ ሙቀቱ ሰውን ሲያንገበግብ ከዚራ ሰፈር በአበባው ሙሉ በሙሉ ይቀላል፣ አስፋልቱ ላይ ሳይቀር ይነጠፋል። አንዷን አበባ አንስታችሁ እዩ፦ አራቱ የአበባ ቅጠሎች ቀይ ናቸው፤ አምስተኛዋ ብቻ ነጣ ብላ በቀይ የተዥጎረጎረች ናት። ደርቆ የረገፈው ረጅሙ ፍሬ ደግሞ ጎራዴያችን ነበር፣ ሲነቀነቅ ይንሿሿል። ይሄ ዛፍ የማዳጋስካር ነው። እንግዳ ነው፣ ግን ድሬ ራሷ እ.ኤ.አ. በ1902 ባቡሩ ሲደርስ ከየአገሩ በመጣ ሰው የተቆረቆረች ከተማ ናት፤ አቦ፣ እዚህ ማን ነው ዛፉን እንግዳ የሚለው? ሆላንዶችም ቱሊፕን ያገኙት ከቱርክ ነው፣ ዛሬ ግን ያለ እሷ አይታሰቡም።

ስለዚህ ካላ ሊሊ ላይ ቅር ያለኝ ከውጭ ስለመጣች አይደለም። ማንም ክረምት ሲወጣ አልጠበቃትም፣ ማንም ልጅ አልተጫወተባትም።

ልጅቷ "አደይ አበባ" ብላ ጻፈች። መምህሯ ቢያርሙባትስ ብላ ተጨነቀች፤ ቢጠይቁሽ ምክንያቱን ንገሪያቸው አልኳት። ከሥሩ ደግሞ ቀዩን ዛፍ ሳለችው፣ ማንም ሳይጠይቃት።

ቅዳሜ ጠዋት ደንገጎን ይዣት እወጣለሁ። ቡትስ ጫማ አድርጊ ብያታለሁ፣ ጤዛ አለ።