ከተጣለ ኳስ የሚሠራ ሰንደል ጫማ፦ እስካሁን የያዝነው ልምድ

ቁጥር 7 ቅርጫት ኳስ ዙሪያው ከ75 እስከ 78 ሴንቲ ሜትር ነው። ተገፎ ሲዘረጋ 1,800 ካሬ ሴንቲ ሜትር ያህል ይሰጣል። ለቁጥር 41 ሰንደል የሁለቱ እግር ጠፍር ተደምሮ 600 ካሬ ሴንቲ ሜትር ግድም ይወስዳል፤ በአቆራረጥ የሚባክነው ሲታሰብ ደግሞ 950 ይደርሳል። ስለዚህ አንድ ቅርጫት ኳስ የአንድ ጥንድ ጠፍር አውጥቶ ይተርፈዋል፤ የተረፈውም ሥራ አለው። ቁጥር 5 እግር ኳስ በስፋት ብዙም አያንስም፣ 1,500 ገደማ ነው፤ ግን ያን ያህል አይሰጥም፤ ምክንያቱ ከታች ይመጣል።

በትምህርት ቤት ዕቃ ቤቶች፣ በክለቦችና በቴኳንዶ ማሠልጠኛዎች የሚጣለው ኳስ አብዛኛው የሞተው ከመነዳሪው (ውስጡ ያለው የሚነፋው ላስቲክ) ነው፤ ላዩ ገና ጠንካራ ነው። መጀመሪያ መለየት ያለበት ፀሐይ የበላው ነው። ኳሱን አስተንፍሳችሁ ላዩን ወደ ውጭ አድርጋችሁ እጠፉት። እጥፋቱ ላይ የፀጉር ያህል ቀጫጭን ስንጥቅ ከታየ ያ ኳስ ለጠፍር አይሆንም።

ቀጥሎ ቁሳቁሱን ማወቅ ነው፤ ከዚህ ሁሉ ሥራ ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው። ርካሽ እግር ኳስ ላዩ ፒቪሲ የሚባል ፕላስቲክ ነው፣ የተሻለው ፖሊዩሬቴን የሚባል ሌላ ፕላስቲክ። በዓይን አይለዩም። ከአሮጌ የኤሌክትሪክ ገመድ የመዳብ ሽቦ ላጡና በፒንሳ ይዛችሁ በጋዝ ምድጃ ነበልባል አግሉት፤ የነበልባሉ ቀለም ንጹህ እስኪሆን ጠብቁ። የጋለውን ሽቦ ኳሱ ላይ ነካ አድርጋችሁ ወደ እሳቱ መልሱት። ነበልባሉ አረንጓዴ ከሆነ ክሎሪን አለው፣ ፒቪሲ ነው ማለት ነው። ሙከራውን ደጅ ላይ፣ በትንሿ ቁራጭ ብቻ አድርጉት፤ ጭሱ ይጎዳል።

ይህን ማወቅ ለምን አስፈለገ? ፒቪሲ እንዲለሰልስ የተጨመረበት ዘይት መሰል ነገር አለ። ያ ማለስለሻ ቀስ እያለ ወደ ተለመደው ቢጫ ማስቲሽ ይገባና ያቀልጠዋል። ጫማው በተሠራ ሰሞን እጅግ ጠንካራ ይመስላል፤ ከሳምንታት በኋላ ግን ማስቲሹ እንደ ማር ይለጠጥና ይላቀቃል። ብዙ ጊዜ የሚወቀሰው ሠሪው ወይም የማስቲሹ ጥራት ነው፤ ጥፋቱ ግን የቁሳቁሶቹ አለመስማማት ነው። ለፒቪሲ የፖሊዩሬቴን ማጣበቂያ ከተገኘ መልካም፣ ካልተገኘ በስፌት ብቻ ያዙት። ከዚህ ሌላ ፒቪሲ በብርድ ይደርቃል፤ ለደላንታና ለደሴ ጠዋት እጥፋት የበዛበት ጠፍር ከእሱ አትሥሩ።

ኳሱን መግፈፍ። ባለ 32 ቁራጩን እግር ኳስ ክሩን በምላጭ እየበጠሳችሁ ፍቱት። የአንዱ ባለ ስድስት ጎን ቁራጭ ስፋት ከጎን እስከ ጎን 7.7 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። ዳር ዳሩን የነበረው የመርፌ ቀዳዳ መስመር ሲሳብ ተከትሎ ስለሚቀደድ ከየጎኑ 5 ሚሊ ሜትር ቆርጣችሁ ጣሉት። የሚቀረው 6.7 ሴንቲ ሜትር ነው። እግር ኳስ ያነሰ ጠፍር የሚሰጠው ለዚህ ነው። የድሮውን ስፌት እንዳለ ትቶ መቁረጥ ያጓጓል፤ ነገር ግን ከውስጥ ያለው ወፍራም ጠርዝ እግር ይልጣል። ቁራጮቹን ጠርዛቸውን በቢላ አሳስታችሁ፣ 8 ሚሊ ሜትር አደራርባችሁ በሁለት መስመር፣ በ3 ሚሊ ሜትር እርምጃ (ከቀዳዳ እስከ ቀዳዳ) ስፉ።

ቅርጫት ኳስ ሌላ ነው። ከላዩ ቆዳ ሥር ናይለን ክር ተጠምጥሞበታል፤ የማይለጠጠውም በዚህ ክር ነው። ክሩን ከላዩ አትለዩት፣ አንድ ላይ ቁረጡት። ጥቁሮቹ ቦዮች ስስ ስለሆኑ ስፌትም እጥፋትም እዚያ ላይ እንዳያርፍ ንድፉን ከቦይ እስከ ቦይ ባለው ሜዳ ላይ አስቀምጡ። የቁራጩ ጉብጥና ጠላት አይደለም፤ ጎድጓዳው ወደ እግር ከዞረ የእግሩን ጀርባ በራሱ ያቅፋል። ላዩ ሰው ሠራሽ ቆዳ የሆነው በሞቀ ውሃ ይስተካከላል። ደሴ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ግድም ስለሆነ ሁለት እጅ የፈላ ከአንድ እጅ ቀዝቃዛ ጋር ሲቀላቀል 65 ዲግሪ አካባቢ ይሆናል፤ 10 ደቂቃ ነክራችሁ በጠፍጣፋ ድንጋይ ተጭናችሁ አሳድሩት። ሙሉ ላስቲክ የሆነው ግን በሙቅ ውሃ አይታረምም፤ ተመልሶ ይጎብጣል።

መረብ ኳስ ለስላሳ፣ ረዘም ያሉ 18 ቁራጮች አሉት። ለሕፃናት ጫማ ከሁሉም ይስማማል።

ሶሉ። ወሎ ላይ በረባሶ የሚሠሩ እጆች ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል፤ እኛም ከእነሱ የወሰድነውን ነው የምንጽፈው። የአይሱዙ 7.50-16 ጎማ ስፋቱ ይበቃል፤ ግን ናይለኑን እንጂ ባለ ሽቦውን አትውሰዱ። በቁጥሮቹ መካከል ሰረዝ ካለ ናይለን ነው፤ የእንግሊዝኛው «አር» ፊደል ካለ ውስጡ ሽቦ የመኖሩ ዕድል ሰፊ ነው። ለማረጋገጥ መሬት የሚረግጠው ፊቱ ላይ ማግኔት አስጠጉ። ከንፈሩ (ቸርኬው ላይ የሚገጥመው ጠርዝ) ላይ ሁሉም ጎማ ሽቦ ስላለው እዚያ መሞከር ያሳስታል።

ርዝመቱን ለማግኘት የጫማውን ቁጥር በ2 አባዙና ለ3 አካፍሉት፤ 41 ማለት 27.3 ሴንቲ ሜትር ነው። የዚህ ቁጥር ሶል 220 ካሬ ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚሆን እያንዳንዱ ሚሊ ሜትር ውፍረት ለአንድ እግር 25 ግራም ይጨምራል። ከ8 ሚሊ ሜትር በላይ አትሂዱ። 12 ሚሊ ሜትር ሶል ያለው ሰንደል ዕድሜው ይረዝም ይሆናል፤ ነገር ግን ከገራዶ ደሴ ገበያ በእግሩ ለሚወጣ ሰው 100 ግራም ትርፍ በየእርምጃው ይታወቀዋል። ጎማውን ስትቆርጡ ቢላውን በሳሙና ውሃ እያራሳችሁ ይሁን፤ ደረቅ ቢላ ይነክሳል፣ ሸርተትም ሲል እጅ ይቆርጣል።

ለደሴና ለኩታበር ጭቃ፣ የጎማው የቀድሞ ቦይ ጠባብ ስለሆነ ጭቃው ይሞላዋል። 5 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ 3 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ያለው አግድም ቦይ በየ2 ሴንቲ ሜትሩ አውጡ። ለባቲና ለቆቦ ይህ አያስፈልግም።

የእግር ማረፊያው ከተጣለ የቴኳንዶ ምንጣፍ ነው፤ ቁሱ ኢቪኤ የሚባል ስፖንጅ መሰል ፕላስቲክ ነው። ከመሃሉ አትውሰዱ፣ በመረገጥ ብዛት ሞቷል። ከዳሩ ቁረጡና በጥፍር ጫን አድርጉት፤ ወዲያው ከተመለሰ ደህና ነው። ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ይበቃል። የአሮጌ የሩጫ ጫማ መካከለኛ ሶል ተመሳሳይ ቁስ ቢሆንም ተጨፍልቆ ያለቀ ስለሆነ አትድከሙበት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ሰንደል የሚበጠሰው ጠፍሩ ሶል ውስጥ በሚገባበት ቦታ ነው። ጠፍሩን በኢቪኤው ሰንጥቆ አሳልፎ ከሥር በማስቲሽ ማጣበቅ ቀላል መንገድ ነው፤ አይበረክትም፤ ኢቪኤ ሲሳብ ይቀደዳል፣ ማስቲሽም ለመላላጥ ኃይል ደካማ ነው። ጭነቱን ክር ይሸከም፤ የማስቲሹ ሥራ ውሃና አቧራ መከልከልና ንብርብሮቹ እንዳይንሸራተቱ መያዝ ብቻ ይሁን።

ከቅርጫት ኳሱ የተረፈው ሥራ እዚህ ላይ ነው። ለእያንዳንዱ እግር ሁለት ቁራጭ፣ 12 በ10 ሴንቲ ሜትር፣ አንዱን ለፊት አንዱን ለተረከዝ ቁረጡ። እንዳይጎብጥ ዳሩን ዙሪያውን 1.5 ሴንቲ ሜትር ዘልቃችሁ በሦስት ማዕዘን ቅድ አላሉት። የጠፍሩን ጫፍ 3 ሴንቲ ሜትር ወደ ሥር እጠፉና በዚህ ናይለን ባለው ቁራጭ ላይ በአራት ማዕዘን ስፉት፤ በመሃሉም መስቀል አድርጉበት። ስፌቱ ከቁራጩ ጠርዝ 10 ሚሊ ሜትር ካልራቀ ይቀድደዋል። ከዚያ ከላይ ኢቪኤው፣ ከሥር ጎማው ይመጣል። ኢቪኤው ላይ ቀጭን የበግ ቆዳ ወይም ከአሮጌ የቦክስ ጓንት የወጣ ቆዳ አልብሱት፤ ያለዚያ የዙሪያው ስፌት ኢቪኤውን እየቆረጠ ይሰምጣል።

የዙሪያ ስፌቱ በሁለት መርፌ፣ በ7 ሚሊ ሜትር እርምጃ ነው። ጎማው ላይ 2 ሚሊ ሜትር ቦይ አውጥታችሁ ክሩ እዚያ ውስጥ ይተኛ፤ መሬት ከነካ ይበላል። ለአንድ እግር 5.5 ሜትር ክር ያዙ። የአሮጌ ግብ መረብ ገመድ ሲፈታ ጥሩ ክር ይወጣዋል፤ ሰም ቀቡት። መረቡ ሲታሽ ዱቄት የሚያራግፍ ከሆነ ፀሐይ ጨርሶታል፣ አትጠቀሙበት።

ማስቲሽ አቀባብ። ሁለቱንም ገጽ በሻካራ ብርጭቆ ወረቀት አሹ፣ አቧራውን ጥረጉ፣ በአልኮል ወልውሉ። ነጭ ጋዝና ናፍታ ቅባት ስለሚተዉ አይሆኑም። ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፣ 20 ደቂቃ ጠብቁ፣ ድገሙት፤ ሁለተኛው ጣት ላይ መያዝ ሲያቆም አጋጥሙና ከመሃል ወደ ዳር በመዶሻ ምቱ። ጊዜ ለመቆጠብ አንዴ አወፍረው የሚቀቡ አሉ፤ ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ይቀርና ይነፋል። ከኳሱ የወጣውን ከመነዳሪ 3 ሴንቲ ሜትር ወርድ ባለው ጥብጣብ ቆርጣችሁ ጫማውን በፎርማው (የእግር ቅርጽ ባለው መሥሪያ) ላይ እየወጠራችሁ ጠምጥሙት፤ እንደ መጨመቂያ ከሱ የተሻለ የለም። ለጠፍር ግን አታውሉት፤ ላብ አያሳልፍም፣ ማስቲሽም በደንብ አይዘውም።

በደሴ ክረምት ጠዋት የተቀባው ማስቲሽ ላይ ነጣ ያለ ጉም ሲያርፍ ታያላችሁ። ማስቲሹ ሲተን ገጹን ስለሚያቀዘቅዘው ከአየሩ እርጥበት ይስባል፤ እንደዚያ የተጋጠመ አይያዝም። አብሽሩ፣ አልተበላሸም፤ ፀሐይ ሲወጣ አድርቃችሁ አንድ ስስ ቅብ ጨምሩበት። ኮምቦልቻ ላይ በተቃራኒው ቶሎ ስለሚደርቅ በአንድ ጊዜ አንድ እግር ብቻ ቀቡ። ለመያዝ ኮምቦልቻ 24 ሰዓት፣ ደሴ 48 ሰዓት ስጡት።

አንድ ነገር አጥብቀን እንለምናለን። የማስቲሹ ተን በእሳት ይያያዛል፤ ቡና በሚፈላበት፣ ከሰል በተቀጣጠለበት ክፍል አትክፈቱት። አዘውትሮ መተንፈሱ ነርቭ ይጎዳል፣ ስለዚህ ደጅ ወይም መስኮት ከፍታችሁ ሥሩ። ጣሳውን ቆልፉበት። በየመንገዱ ማስቲሽ እየሳቡ የሚያድሩ ልጆቻችን እጅ የሚገባው ከየሥራ ቦታው ሳይዘጋ ከተተወ ጣሳ ጭምር ነው።

ለፍተሻ ያለቀለትን ሰንደል ባልዲ ውሃ ውስጥ አሳድሩ። ጠዋት ሶሉን ከእንጨት ጋር አስራችሁ በጠፍሩ ላይ 20 ሊትር ውሃ የሞላ ጀሪካን ለአንድ ሰዓት አንጠልጥሉ። የመርፌው ቀዳዳ ወደ ረዘመ ቅርጽ ከተለወጠ ስፌቱ ለጠርዝ ቀርቧል ወይም እርምጃው ጠቧል፤ ያን መስመር ፈትታችሁ 4 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ አስገቡት። ክሩ ራሱ ከተበጠሰ ደግሞ የመረቡን ገመድ ለውጡት።

የፒቪሲ ቁርጥራጭ አይቃጠል። እየከተፋችሁ የቦክስ ከረጢት መሙያ አድርጉት፤ ማሠልጠኛዎቹ ይቀበሉታል። የሕፃናት ቁጥር ላይ የምንሠራው ገና አላለቀም፤ የመረብ ኳስ ጠፍር በተረከዝ በኩል እንዳይለጠጥ ምን ገበር እንደሚሻል ወልዲያና ቆቦ ያላችሁ የሞከራችሁትን ላኩልን፤ የጨርቁን ዓይነትና የስፌቱን እርምጃ ጨምራችሁ።