ማርሚታ ከመቀየራችሁ በፊት፦ የ2,700 ዙር ጣጣ

አንድ ሰው በጊዜው ጠጋ ብሎ "የፈቃድ ወረቀቱን ተወውና መኪናው ውስጥ ተቀምጠህ አዳምጥ" ቢለኝ ኖሮ ከብዙ ራስ ምታት እተርፍ ነበር። ማንም አላለኝም። ሻጩ አላለኝም፣ መርማሪው አላለኝም፣ ኢንተርኔት ላይ ያሉት ቪዲዮዎችማ ጭራሽ። እኔ ግን እላችኋለሁ።

መኪናዬ ቶዮታ 86 ናት። 2.0 ሊትር ቦክሰር ሞተር፣ አራት ሲሊንደር፣ ቱርቦ የሌላት፣ 200 የፈረስ ጉልበት። ኩርባ ላይ እንደሷ ደስ የምትል መኪና አልነዳሁም። ድምጿ ግን ከፋብሪካ ስትወጣ የልብስ ስፌት መኪና ነው። እንግዲህ ማርሚታ ልቀይር ብዬ ተነሳሁ።

መጀመሪያ የሚወሰነው ከየት ጀምሮ እንደሚቀየር ነው። የኋላውን ማርሚታ ብቻ ቀይሮ መተው ይቻላል። ከካታሊስቱ፣ ማለትም ከጭስ ማጣሪያው፣ በኋላ ያለውን ቧንቧ በሙሉ መቀየርም ይቻላል፤ "ካት ባክ" የሚባለው ይሄ ነው። ከዚያ ወደፊት ከሄዳችሁ ካታሊስቱና ማኒፎልዱ (ጭሱን ከሲሊንደሮቹ የሚሰበስበው ቧንቧ) ጋ ትደርሳላችሁ። እዚያ ባትደርሱ ይሻላል። ካታሊስት ማውጣት በብዙ አገር ሕገ ወጥ ነው፣ ይሸታል፣ ዳሽቦርዱ ላይም የሞተር መብራት ይበራና አልጠፋ ይላል። እኔ ካት ባክ መረጥኩ።

ጉልበት ፈልጋችሁ ከሆነ ግን እርማችሁን አውጡ። ይህች መኪና ሞተሩ በደቂቃ ከ3,500 እስከ 4,500 ዙር ሲዞር አካባቢ የምትሰንፍበት ቦታ አለ፤ የነዳት ሁሉ ያውቀዋል። መድኃኒቱ ያለው ማኒፎልዱና የኮምፒውተር ማስተካከያው ጋ እንጂ ኋላ ጋ አይደለም። "ካት ባክ ብቻ ቀይሬ መኪናዬ በረረች" የሚል ሰው ካጋጠማችሁ የበረረው ድምፁ ነው።

የቧንቧው ውፍረትም እንደዚያው። ቱርቦ ለሌለው 2.0 ሊትር ሞተር 2.5 ኢንች ከበቂ በላይ ነው። ባለ 3 ኢንቹ ቧንቧ አፉ በ44 በመቶ ይሰፋል። ቱርቦ ላለው ሞተር ጥሩ ነው፣ ከተርባይኑ በኋላ ጭሱ በቀለለው መጠን ይወዳል። የኔ ዓይነቱ ሞተር ላይ ግን የጭሱ ፍጥነት ይወርድና ዝቅተኛ ዙር ላይ መኪናው ይዝላል። ድምፁም ይወፍራል፤ መወፈሩ ደግሞ የማታ ማታ የሚያመጣውን ከታች ታያላችሁ።

ብረቱን በተመለከተ ማግኔት ይዛችሁ ሂዱ። ሻጮች ሁለቱንም ዓይነት ብረት "አይዝጌ ብረት" ይሉታል፤ 304 የሚባለው ግን 18 በመቶ ክሮሚየምና 8 በመቶ ኒኬል አለው፣ ማግኔት አይስበውም። የታጠፈበት ቦታ ላይ ትንሽ ቢይዝ አትደንግጡ። 409 የሚባለው ክሮሚየሙ 11 በመቶ ገደማ ነው፣ ማግኔቱ ጥብቅ ብሎ ይለጠፍበታል፣ ከላይም ቶሎ ይዝጋል። መጥፎ አይደለም፣ በ304 ዋጋ መሸጡ ነው መጥፎው። መታጠፊያዎቹን በእጃችሁ ዳስሱ። እጥፋቱ ላይ ቧንቧው ከተጨማደደ ወይም ከጠበበ ተዉት።

ገጠማውን አላካብድም። መኪናዋን በደንብ አንሱ፣ ከታች ሳትገቡ በፊት መደገፊያ አድርጉ፣ ብሎኖቹን ቀደም ብላችሁ ዝገት ማላቀቂያ ንፉባቸው፣ መስቀያ ጎማዎቹን በሳሙና ውሃ አርሷቸው፣ ጋስኬቱን አዲስ አድርጉ። ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላ ሲቀዘቅዝ ዳዶዎቹን መልሳችሁ አጥብቁ። በቃ።

ሞተሩን ሳስነሳው ፊቴ በራ። ወፍራም፣ ጨዋ፣ የማይጮህ ድምፅ። ስረግጠው ደግሞ የሚያምር አወጣጥ አለው። ከተማ ውስጥ እየነዳሁ መስኮት ከፍቼ ነበር የምሄደው። አሁንም ቢሆን በድምፁ አላማርርም።

ነገሩ የተበላሸው ዋናው መንገድ ላይ ነው። 6ኛ ማርሽ አስገባሁ፣ 100 ኪሎ ሜትር በሰዓት ላይ ረጋሁ። የዙር መቁጠሪያው 2,700 ላይ ቆመ። ከዚያ መኪናው ውስጥ የሆነ ነገር ገባ። ድምፅ ልበለው ይከብደኛል። ወፍራም፣ የማያቋርጥ ጉርምርምታ ነው፣ በጆሮ ብቻ ሳይሆን በደረትም ይሰማል። የኋላ መመልከቻ መስታወቱ ላይ የኋለኛው መኪና መብራት ሁለት ሆኖ ይንቀጠቀጣል። 2,400 ላይ የለም። 3,100 ላይ የለም። ሰው ሁሉ በሚነዳበት ፍጥነት ላይ፣ ልክ እዚያ፣ አለ። ባለቤቴ ትንሽ ታገሰችና "ወይ ፍጠን፣ ወይ ቀስ በል፣ ወይ አውርደኝ" አለችኝ።

ለሻጩ ጻፍኩለት። መልሱ አጭር ነበር፦ "አዲስ ስለሆነ ነው፣ እየቆየ ካርቦን ሲይዝ ይለዝባል።" ይሄ ነገር እስካሁን ደሜን ያፈላዋል። የኔ ማርሚታ ውስጡ ቀጥ ያለ ነው። መሐሉ የተበሳሳ ቧንቧ፣ ዙሪያው የመስታወት ክር የመሰለ ድምፅ መጣጭ ጥጥ ተጠቅጥቆበታል። ጥጡ ከጊዜ ጋር ይቃጠላል፣ ይበናል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ማርሚታ እየቆየ ሲሄድ ይብስበታል እንጂ አይለዝብም። ይህን የሚሸጥ ሰው ይህን አያውቅም ማለት ነው፣ ወይም ያውቃል። ደግሜ ስጽፍ "ምርቱ የድምፅ ፈቃድ አለው" ብሎ የወረቀቱን ፎቶ ላከልኝ። ከዚያ በኋላ ጆሮ ዳባ ልበስ።

ወረቀቱ እውነተኛ ነው። ማርሚታው ላይ የ"ኢ" ምልክቱ ተቀርጿል፣ የተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 59 ለምትክ ማርሚታዎች የሚሰጠው ፈቃድ ነው። እኔም ስገዛ ያን ምልክት አይቼ ነው ልቤን የጣልኩበት፤ ሁሉም መመሪያ "ፈቃድ ያለውን ግዙ" ይላላ።

የምርመራ ቀኔ ሲደርስ ምናልባት እዚያ ሰሚ አገኛለሁ ብዬ ሄድኩ። መርማሪው ማይክሮፎኑን ከጭስ መውጫው ግማሽ ሜትር አርቆ በ45 ዲግሪ አቆመው። ዜሮ ማርሽ፣ መኪናው እንደቆመ፣ ዙሩን 3,750 ላይ አስያዘኝና እግሬን ድንገት አስነሳኝ። ቁጥሩን አየ፣ ጻፈ፣ "አልፏል" አለኝ።

"ወንድሜ፣ 2,700 ላይ ቢለኩት፣ ውስጥ ተቀምጠው?" አልኩት።

ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። "ውስጡን የሚል ደንብ የለንም። የሚቀጥለው!"

እሱም አልዋሸም። ቤቴ ገብቼ ሳነብ ነው ነገሩ የገባኝ። የመኪና ድምፅን በሚመለከተው የተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 51 ላይ ባለው አለካክ መሠረት ከፍተኛ ጉልበቱን ከ5,000 በላይና ከ7,500 በታች ዙር ላይ የሚሰጥ ሞተር በቆመበት የሚለካው 3,750 ላይ ነው። የኔ መኪና ከፍተኛ ጉልበቷ 7,000 ላይ ስለሆነ እዚያ ትገባለች። የኔ ችግር ደግሞ ከዚያ አንድ ሺህ ዙር ዝቅ ብሎ ነው ያለው፣ ያውም ሞተሩ መኪናዋን እየጎተተ ሳለ።

የባሰው ገና ነው። መለኪያው የሚያወጣው ቁጥር "ዲቢ ኤ" የሚባለው ነው። "ኤ" ማለት መሣሪያው የሰው ጆሮ ደካማ የሆነበትን ወፍራም ድምፅ ሆን ብሎ ቀንሶ ይቆጥራል ማለት ነው። 100 ኸርዝ (በሴኮንድ 100 ንዝረት) ላይ 19 ዴሲቤል ገደማ ይቀንሳል። ከዚያ በታች ሲወርድ የበለጠ። የኔ ጉርምርምታ ስንት ኸርዝ ነው? ስሌቱ ቀላል ነው። 2,700 ዙር በደቂቃ ማለት በሴኮንድ 45 ዙር ነው። አራት ሲሊንደር ያለው ሞተር በአንድ ዙር ሁለቴ ይተኩሳል። 90 ኸርዝ። ስልኬ ላይ የድምፅ መተንተኛ አፕ ጭኜ ጎኔ ላለው ሰው ሰጠሁት፣ 6ኛ ማርሽ ላይ ረግቼ ነዳሁ። ስክሪኑ ላይ አንድ ረጅም ዘንግ ቆመ፤ 90 ላይ። ሌላው ሁሉ እግሩ ሥር ነበር። መለኪያው ሊያየው ያልፈለገው ያን ዘንግ ነው።

ስለዚህ ዝቅተኛ ዴሲቤል የተጻፈበትን ማርሚታ ምረጡ የሚለው ምክር ለጎረቤታችሁ ነው የሚጠቅመው። ለእናንተ አይደለም። የተሻለ ቁጥር ያለው ማርሚታ ውስጥ ለውስጥ የባሰ ሊሆን ይችላል።

መፍትሔው አለ፣ ደግሞም ርካሽ ብረት ነው። ከዋናው ቧንቧ ጎን አንድ ጫፉ የተደፈነ ቅርንጫፍ ቧንቧ ይበየዳል። ርዝመቱ ከድምፁ ሞገድ አንድ አራተኛ ጋር እኩል ከሆነ፣ ድምፁ እስከ ጫፉ ሄዶ ሲመለስ ከሚመጣው ጋር ተቃራኒ ሆኖ ይገናኛል፤ ይጠፋፋሉ። ጭሱ በዚያ ስለማይፈስ ጉልበት አይነካም። ሌላውን ድምፅም ብዙ አይነካም፣ በዋናነት ያን አንዱን ነው የሚበላው።

ለበያጁ ስነግረው ያውቀዋል። ደስ አለኝ። ከዚያ ስልኩን አወጣና የድምፅን ፍጥነት፣ 343 ሜትር በሴኮንድ፣ ለአራት ጊዜ 90 አካፈለ። "95 ሳንቲ ሜትር" አለ። "እሱ እኮ የክፍል ሙቀት ነው፣ ጭሱ ግን ይግላል" ብለው "ጌታዬ፣ ስንት ዓመት የሠራሁት ሥራ ነው" አለኝ። ሰው ሥራውን እየሠራ መጨቃጨቅ ነውር መስሎ ታየኝና ዝም አልኩ። በየደው። ሥራው ያማረ ነበር፣ ስፌቱ ቀጭንና እኩል።

ወጥቼ ነዳሁት። 2,700 ላይ ያው ነው! ይልቅ 3,400 አካባቢ፣ ምንም ችግር ባልነበረበት ቦታ፣ መኪናዋ ጸጥ ረጭ አለች። የሙቀቱ ነገር እንግዲህ ይሄ ነው። 20 ዲግሪ ላይ ድምፅ 343 ሜትር በሴኮንድ ይሄዳል። 200 ዲግሪ ላይ 436 ገደማ ይደርሳል። ቅርንጫፉ ውስጥ ያለው ጭስ ስለማይፈስ ከዋናው ይቀዘቅዛል፤ ስለዚህ 200ን ለመነሻ ያዝኩ። 436ን ለ360 ስታካፍሉት 1 ሜትር ከ21 ሳንቲ ሜትር ይመጣል። እሱ የሠራው ከሚያስፈልገው 26 ሳንቲ ሜትር ያጥር ነበር።

ሲስተካከል እንዲህ አደረግነው። ቅርንጫፉ ተረዘመ፣ ጫፉ ግን አልተበየደም። እላዩ ላይ የሚንሸራተት ክዳን ገብቶ በክላምፕ ተያዘ። መንገድ ላይ ወጥቼ፣ በደንብ አግዬ፣ አፑን እያየሁ ክዳኑን ገባ ወጣ አደረግሁት። 90 ላይ የነበረው ዘንግ እየወረደ እየወረደ ከሌሎቹ ጋር ተቀላቀለ። ያኔ ብቻ ተበየደ። በያጁ ምንም አላለም፣ ግን ሁለተኛውን ብየዳ አላስከፈለኝም። ያን ይቅርታ አድርጌ ቆጥሬዋለሁ።

የናንተ ቁጥር ከኔ ይለያል። የአራት ሲሊንደር ሞተር ከሆነ የሚጮህበትን ዙር ለ30 አካፍሉ፣ ስድስት ሲሊንደር ከሆነ ለ20፤ ኸርዙን ታገኛላችሁ። ቅርንጫፉን መሐል አካባቢ፣ ከኋላው ማርሚታ ፊት አስገቡት፤ መውጫው አፍ ጋ ከሆነ ብዙም አይሠራም። ጫፉ ዝቅ ካለ ደግሞ ውሃ ይጠራቀምበታል፣ ቀና አድርጋችሁ እሰሩት።

ገና ካልገዛችሁ ግን ይሄ ሁሉ አያስፈልግም። ያንኑ ማርሚታ፣ ያንኑ ሞዴል መኪና ላይ የገጠመ ሰው ፈልጉ። አብራችሁት ውጡ። በመጨረሻው ማርሽ እናንተ ዘወትር በምትነዱበት ፍጥነት ይርጋላችሁ፣ ሬዲዮው ይጥፋ፣ መስኮቱ ይዘጋ። ከኋላ ወንበርም ተቀምጣችሁ ስሙት፣ እዚያ ይብሳል። ቪዲዮ አትመኑ። የስልክ ቪዲዮ ወፍራሙን ድምፅ አሳንሶ ነው የሚይዘው፣ ድምፁንም ራሱ ከፍ ዝቅ ያደርጋል፣ የሚቀረጸውም መኪናው ቆሞ ከውጭ ነው። ሬዞናተር (መሐል ላይ የሚገባ ተጨማሪ ድምፅ ማለዘቢያ) ያለውና የሌለው ምርጫ ከቀረበላችሁ ያለውን ውሰዱ፤ "ሬዞናተር ለፈሪ ነው" የሚላችሁ ሰው ረጅም መንገድ አይነዳም። የፋብሪካውን ማርሚታም አትሽጡ፣ ጥጡ ሲያልቅ ወይም ደንቡ ሲጠብቅ ትፈልጉታላችሁ።

ሻጩ ገጹ ላይ አሁንም "ውስጥ ድምፅ የለውም" የሚል ጽሑፍ እንደለጠፈ ነው። 90 ኸርዝ ላይ የቆመውን ዘንግ ፎቶ አንስቼ አስተያየት መስጫው ላይ ለጠፍኩለት። አጠፋው።