እግዚአብሔር ልጄን የረዳበት መንገድ

ትኩሳት በያዛቸው ጊዜ ልጆቻቸው የሚንቀጠቀጡባቸው ወላጆች ተስፋ እንዲያገኙበት፣ ልዑል እግዚአብሔር በእመቤታችን አማላጅነት ለልጄ ያደረገላትን ቸርነት እመሰክራለሁ።

የምንኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። ልጄ ሁለት ዓመት ሳይሞላት በጉንፋን ትኩሳት ሰውነቷ ግትር አለ፤ ዓይኗ ወደ ላይ ተሰቀለ፤ እጅና እግሯም ይንፈራገጥ ጀመር። ጎረቤቶቼ ክብሪት ጭረው ሊያሸትቷት ሲጣደፉ፣ እኔ «እመቤቴ፣ አደራሽን» ከማለት በቀር ቃል አልነበረኝም። ወዲያው ቢለቃትም ትኩሳት በተነሣባት ቁጥር ይመለስባት ነበር። ቡዳ ነው የሚሉም፣ የሚጥል በሽታ ነው የሚሉም ነበሩ፤ እኔ ግን «ጌታ ሆይ፣ ምክንያቱን ግለጥልኝ» እያልኩ እለምን ነበር።

መልሱን ያገኘሁት ጤና ጣቢያ ውስጥ ነው። የመረመረቻት ሐኪም የታችኛውን የዓይኗን ቆብ በጣቷ ገለጥ ስታደርገው፣ ቀይ መሆን የሚገባው ሥጋ ነጥቶ ስላየች ደሟ እንዲመረመር አዘዘች። በእርሷ ዕድሜ ሄሞግሎቢን (በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ንጥረ ነገር) በዴሲሊትር ከ11 ግራም ገደማ ካነሰ የደም ማነስ ይባላል፤ የልጄ 8 ነበር።

ሐኪሟ እንዳስረዳችን፣ ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ባሉ ሕፃናት ላይ ትኩሳት የሚያስከትለው መንቀጥቀጥ አብዛኛውን ጊዜ አንጎልን አይጎዳም፤ ሆኖም የብረት ማዕድን እጥረት ያለባቸው ልጆች ይበልጥ እንደሚጋለጡ ብዙ ጥናቶች አሳይተዋል። ብረት ደምን ብቻ ሳይሆን የአንጎል ሕዋሳት መልእክት የሚለዋወጡባቸውን ንጥረ ነገሮች ለማዘጋጀትም ያስፈልጋልና። እጥረቱ ብቻውን መንስኤ ነው እንደማይባልም አልሸሸገችንም።

ለወራት የሚወሰድ የብረት ሽሮፕ አዘዘችላት፤ ሻይ እንዳንሰጣት፣ የላም ወተት እንድንቀንስ፣ ሥጋና ምስር እንድናበላት፣ ሰገራዋ ቢጠቁር እንዳንደነግጥ ነገረችን። ዳግም ከያዛትም በጎኗ አስተኝተን በአፏ ምንም ሳንከት እንድንጠብቅ፣ ከ5 ደቂቃ ካለፈ ግን ወደ ሆስፒታል እንድንሮጥ አስጠነቀቀችን። ጠዋት ጠዋት ማንኪያውን በስመ አብ ብዬ አማትቤበት ሽሮፑን በብርቱካን ጭማቂ አጠጣት ነበር፤ መድኃኒቱንም ሐኪሟንም የላከልኝ እርሱ መሆኑን አልጠራጠርምና።

ከዚያ ወዲህ ቶንሲል ይዟት ሌሊቱን ሙሉ በትኩሳት ስትነድ አድራ፣ መንቀጥቀጡ አልመጣባትም። ደሟም በድጋሚ ሲመረመር ከ11 በላይ ሆኖ ተገኘ። ልጆቻችሁ በትኩሳት የሚንቀጠቀጡባችሁ እናቶች፣ ከጸሎታችሁ ጋር ደማቸው እንዲታይላቸው ሐኪም ጠይቁ። እኔም ለእመቤታችን የተሳልሁትን ጧፍና ዕጣን ወር በገባ በ21 ቀን ልጄን አዝዬ ሄጄ አስገብቻለሁ።