ሸሚዙና ጆንያው

ከሀዋሳ ወደ ውጭ የሚሄዱ ሁለት ዕቃዎችን ጎን ለጎን ላስቀምጥ፦ ከኢንዱስትሪ ፓርኩ የሚወጣ የጥጥ ሸሚዝና ከሲዳማ ወረዳዎች የሚሰበሰብ ቡና። ንግድ ሩቅ ሀገሮችን አስተሳስሮ የሚያቆየው መቼ እንደሆነ፣ መቼ ደግሞ በአንድ ፊርማ እንደሚበጠስ ሁለቱን አይቶ መረዳት ይቻላል።

ከሸሚዙ ልጀምር። በአሜሪካ ጉምሩክ በሽመና ጨርቅ የተሰፋ የወንድ የጥጥ ሸሚዝ መደበኛ ቀረጡ 19.7 በመቶ ነው። አንዱ በ8 ዶላር ቢሸጥ፣ የ10,000 ሸሚዝ ዋጋ 80,000 ዶላር፣ ቀረጡ ደግሞ 15,760 ዶላር ይሆናል። በስፌት ሥራ ትርፍ የሚቆጠረው በሳንቲም ነውና ይህ ልዩነት ብቻውን ፋብሪካ ያስከፍታል፣ ያዘጋልም። ለአፍሪካ ሀገሮች ምርት የአሜሪካን ገበያ ከቀረጥ ነፃ የከፈተው አጎዋ ቀረጡን ዜሮ አደረገው፤ ጨርቁ ከእስያ ቢመጣ እንኳ ልብሱ እዚህ ተቆርጦ እስከተሰፋ ድረስ መብቱ አይቀርም ነበር። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሀዋሳ ፓርክ ሲታቀድ ትልቁ ስሌት ይኸው ነበር፤ የገነባው የቻይና ኩባንያ፣ ዋናው ገበያ አሜሪካ።

መብቱ በወረቀት ይረጋገጥ የነበረው በኢንቮይሱ (በሽያጭ ሰነዱ) ፊት ላይ በሰማያዊ ቀለም በሚያርፍ ክብ ማኅተም ነበር። የማኅተሙ ቁጥር ዘጠኝ ቦታ ነበረው፦ መጀመሪያ የልብሱን ምድብ የሚያሳይ አንድ አኃዝ፣ ቀጥሎ የሀገር መለያ ሁለት ፊደል፣ ከዚያ ስድስት አኃዝ ተራ ቁጥር። ቀኑ፣ ፊርማው፣ ምድቡና ብዛቱም መሞላት ነበረባቸው። ምድቡ ከተሳሳተ ወይም ብዛቱ ከተዘለለ ከቀረጥ ነፃ መግባቱ ይቀር ነበር።

ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ግን በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት ኢትዮጵያ ከአጎዋ ወጣች። የፓርኩ ዋና ደንበኛ የነበረው የአሜሪካው የልብስ ኩባንያ ፒቪኤች ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በኅዳር ወር፣ ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታውቆ ነበር። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚስቱት ነገር አለ፤ አጎዋ ውል አይደለም። የአሜሪካ ኮንግረስ በ2000 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሕግ ነው፤ የሰጠው ወገን ብቻውን መልሶ ይወስደዋል። በ1896 ዓ.ም. ምኒልክ ከአሜሪካዊው መልእክተኛ ከስኪነር ጋር የተዋዋሉት፣ የሁለቱ ሀገሮች ግንኙነት የተጀመረበት የንግድ ውል፣ የሁለቱንም ወገን ፊርማ ይዞ ነበር። ልዩነቱ ትልቅ ነው።

ወደ ጆንያው ልምጣ። በ2000 ዓ.ም. ጃፓን ከኢትዮጵያ በገባ ቡና ውስጥ ከገደብ ያለፈ የፀረ ተባይ ቅሪት አገኘች፤ ጃፓን ያኔ ከቡናችን ትልልቅ ገዢዎች አንዷ ነበረች፤ ግዢው ወዲያው አሽቆለቆለ። በጃፓን ሕግ ልዩ ገደብ ላልወጣለት ኬሚካል የተቀመጠው ወጥ ገደብ 0.01 ፒፒኤም (በአንድ ኪሎ 0.01 ሚሊግራም) ነው። ወደ እኛ ሚዛን ስንመልሰው፣ በ60 ኪሎ ጆንያ ውስጥ 0.6 ሚሊግራም ማለት ነው። 320 ጆንያ በሚይዝ ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር ውስጥ ያለው 19.2 ቶን ቡና ሲደመር እንኳ አንድ አምስተኛ ግራም አይሞላም። በዚህ መጠን ሲሆን ማሳው ላይ ምንም ባይረጭም የተበከለ ጆንያ ብቻውን ይበቃል፤ ጥርጣሬውም በዋናነት ያረፈው ጆንያው ላይ ነበር።

ይህ ግንኙነት ግን አልተበጠሰም። የጃፓን ቡና ቆዪዎች «ሞካ» ብለው የሚሸጡትን ጣዕም ከሌላ ሀገር በቀላሉ አያገኙትም፣ የእኛም ላኪዎች ጥሩ ከፋይ ገበያ ማጣት አልፈለጉም። ስለዚህ መንግሥታቱ ስለ ምርመራና ስለ ጆንያ ለመነጋገር ተገደዱ፤ ጃፓን ዛሬም ከዋና ገዢዎቻችን መካከል ናት። እኔ ጠንካራ የምለው ግንኙነት እንዲህ ያለውን ነው፤ ሲታመም የሚያስታምሙት ሰዎች በሁለቱም ዳር ያሉት።

ማስታመሙ የሚጀምረው መጋዘን ውስጥ ነው። ጆንያ ሲገዙ በአትክልት ዘይት የለሰለሰውን፣ ለምግብ ተብሎ የተሠራውን ይምረጡ፤ ተራው ጆንያ ክሩ የሚለሰልሰው በማዕድን ዘይት ነው፣ ሽታውም ወደ ፍሬው ይገባል። ማዳበሪያ ወይም መድኃኒት ይዞ የነበረ ጆንያ ታጥቦም ቢሆን ቡና አይገባበትም። ቡናውን ከወለል በእንጨት ርብራብ ያንሱት፣ ከግድግዳም ያርቁት፤ እርጥበቱ ከ12 በመቶ ሲያልፍ ሻጋታ ይከተላል። ኮንቴይነሩ ከሞቃቱ ጅቡቲ ተነሥቶ ቀዝቃዛ ባሕር ሲደርስ ጣሪያው ያልበዋል፤ ጠብታው የላይኛውን ረድፍ እንዳያረጥብ ውስጡን በወፍራም ወረቀት ያልብሱት። ከመጫንዎ በፊት በሩን ዘግተው ውስጥ ይቁሙ፤ ብርሃን የሚያስገባ ቀዳዳ ካዩ ወይም የኬሚካል ሽታ ከሸተተዎ ይመልሱት።

የቅሪት ምርመራውን ጭነቱ ከሀዋሳ ሳይነሣ ያስጨርሱ። ከእያንዳንዱ ሎት (አብሮ ከሚላክ የቡና ክፍል) የታሸገ ናሙና አስቀርተው ጆንያው ከማን እንደተገዛ፣ ቡናው የትኛው መጋዘን እንደቆየና በየትኛው ቀን እንደተጫነ ላዩ ላይ ይጻፉበት፤ ከጃፓኑ ወደብ ከዮኮሃማ ጥያቄ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠየቁት እነዚህን ነው።