አንድ ፌስታል የብረት ፍቅፋቂ

ዛሬ ፒያሳ ቶርኖ ቤት የፓምፕ ዘንግ እያሠራሁ፣ አራት ኪሎ ኬሚስትሪ የምትማር ልጅ ፌስታል ይዛ ገባች።

"ጋሼ፣ የብረት ፍቅፋቂ ይሰጡኛል? ለምርምር ነው።"

"የምንጥለውን?" ሳቀ ሰውየው።

ጎንበስ ብላ በጣቷ አሸችው፤ አሸተተችው። "ዘይት የነካው አይሆንም።"

"እንግዲያው ጊዛውን ውሰጂ፤ እሱ ያለ ዘይት ነው የሚቆረጠው።" ጊዛ ቀልጦ በቅርጽ የሚፈስ ብረት ነው፤ ፍቅፋቂው ጥቁር፣ እንደ ቡና ዱቄት የደቀቀ።

ለካ ምርምሩ የተበከለ ውሃ ለማጥራት ነው፦ ውሃ ውስጥ የሟሟው መርዛማ ክሮሚየም (የብረታ ብረት ዓይነት) ብረት ሲያገኝ ጠባዩ ይቀየራል፤ ከውሃው ወጥቶ እዚያው ይቀራል። አሜሪካ፣ ኤልዛቤት ሲቲ በ1996 እ.ኤ.አ. 46 ሜትር የሚረዝም የብረት ብናኝ ግድግዳ መሬት ውስጥ ቀብረው፣ የተበከለው የከርሰ ምድር ውሃ ራሱ እየፈሰሰ እንዲያልፍበት አደረጉ። ፓምፕ የለ፣ መብራት የለ! (እኔ ደግሞ ፓምፕ ላሠራ ተሰልፌያለሁ።)

"ስንት ልክፈል?" አለችው።

"ለቆሻሻ? ሂጂ ባክሽ!"

ስወጣ ጫማዬ ላይ የቀረውን ብናኝ ለማራገፍ ሳሳሁ።