የሕክምና ተማሪዎችና የባህል መድኃኒት

ዛሬ ደብረ ማርቆስ ላይ ከሕክምና ተማሪዎች ጋር ስለ ባህል መድኃኒት ስንወያይ፣ አብዛኞቹ ጉዳዩን «ሳይንሳዊ አይደለም» ብለው ባጭሩ ሊዘጉት ሲሞክሩ፣ እነዚሁ ልጆች ምች በመታቸው ጊዜ ዳማከሴ ታሽቶላቸው ያደጉ መሆናቸውን አስቤ ፈገግ አልሁ። የባህል ዕውቀት ለሳይንስም መነሻ ይሆናል፤ ኢትዮጵያዊውን ተመራማሪ ዶክተር አክሊሉ ለማን፣ ቢልሃርዚያ የተባለውን የጥገኛ ትል በሽታ የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎችን በእንዶድ ወደ መቆጣጠር ምርምር የመራቸው፣ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ በእንዶድ ልብስ ከሚታጠብበት ወራጅ ውኃ ግርጌ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ማየታቸው ነበር። «ተፈጥሯዊ ስለሆነ አይጎዳም» ያለችውን ተማሪም ቢሆን አልተቀበልኋትም፤ ኮሶ ትሉን ያስወጣል፣ መጠኑ ሲበዛ ግን ዓይን እስከ ማጥፋት ይደርሳል።

ይበልጥ ያሳሰበኝ ሌላ ነው። ከገጠር የመጡ እናት፣ ነጭ ጋወን የለበሰው ወጣት እንደሚገሥጻቸው ከጠረጠሩ፣ በጥብጠው የጠጡትን ሥር ይደብቁታል፤ ጠበል ገብተው የቲቢ መድኃኒታቸውን አቋርጠው ቢሆን እንኳ አይነግሩትም፤ ሐኪሙም የጉበታቸው ምርመራ ለምን እንደተዛባ ግራ ገብቶት ይቀራል። አንድ ተማሪ ብቻ የሕመም ታሪክ ሲወስድ «እናቴ፣ እዚህ ከመምጣትዎ በፊት ቤት ውስጥ ምን ሞከሩ?» ብሎ እንደሚጀምር ነገረን፤ ከቀረበው ክርክር ሁሉ የእርሱን ወደድሁት።