ቃሬዛ የሚያስወጣ መንገድ

ጎንደር ውስጥ ከፒያሳ ወደ አዘዞ በሚወስደው ዋና መንገድ ዳር የሚሠራውን የአካባቢ ልማት ፕላን፣ ማለትም በሰፈሩ የት ምን እንደሚሠራ በዝርዝር የሚያሳየውን ፕላን፣ ስጀምር የመጀመሪያው ረቂቅ ብዙ ጊዜ አልወሰደብኝም። መንገዱን ዳርና ዳር የቅይጥ አገልግሎት ቀለም ቀባሁት። ታች ሱቅ፣ ላይ መኖሪያ፣ ቢያንስ ጂ ፕላስ 2። ካርታው ላይ ያምር ነበር።

ሐሳቡ ልክ ነው፤ አሁንም አምንበታለሁ። ጎንደር በአንገረብና በቀሃ ወንዞች መካከል ያለች፣ ተራራ የከበባት ከተማ ናት። ስትሰፋ መንገዱን ይዛ ወደ ደቡብ ረዘመች። አዘዞ ድረስ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሰው ቤቱ አንድ ጫፍ፣ ሥራው ሌላ ጫፍ ሲሆን ጊዜውም ገንዘቡም ታክሲ ላይ ያልቃል። መንገዱ ዳር ጠጋ ጠጋ ብለን ከሠራን ግን ብዙውን ጉዳይ በእግር መጨረስ ይቻላል። አውቶቡስም የሚሞላው በየፌርማታው ሰው ሲኖር ነው። ባጃጅ የሚጭነው 3 ሰው ነው፤ በእሱ ብቻ ከተማ አይንቀሳቀስም።

ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ አልሄድኩም። ፒያሳ አለልን። የጣሊያኑ አርክቴክት ጌራርዶ ቦሲዮ እ.ኤ.አ. በ1938 ለጎንደር ፕላን ነድፎ ነበር። በዚያ ዘመን የተሠሩት የፒያሳ ሕንፃዎች ዝቅ ያሉ ናቸው። ግን ታች ካፌና ሱቅ ስላላቸው አካባቢው ከጠዋት እስከ ማታ ሰው አይጠፋበትም። (ያ ፕላን ነጩን ሰፈር ከሐበሻው ሰፈር የለየ ነበር። ይህን ማንሳት ያለብን ይመስለኛል።) እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ፋሲል ግቢም እዚያው ነው። ግንቡን የሚጋርድ ፎቅ በአጠገቡ እንዲቆም አልፈለግሁም። ስለዚህ ከፍ ያሉትን ሕንፃዎች ከፒያሳ ራቅ አድርጌ አስቀመጥኳቸው።

የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ረቂቅ ፕላን ለሕዝብ ውይይት እንዲቀርብ ያዛል። እኛም ሰብስበን አወያየን። አብዛኛው ጥያቄ ስለ ካሳና ስለ ይዞታ ካርታ ነበር። ሰው ሲበተን አንዲት እናት በር ላይ ያዙኝ።

«ልጄ፣ ፎቁ ሲሠራ እኔ በየት በኩል ነው የምወጣው?»

«አልገባኝም እማማ፤ ይምሩኝና ያሳዩኝ» አልኳቸው።

ከዋናው መንገድ፣ ከአንድ ሱቅ ጎን ገባን። በአንድ በኩል ቆርቆሮ አጥር፣ በሌላ በኩል የድንጋይ ካብ። ሁለት ሰው ከተገናኘ አንዱ ጥግ ይዞ ያሳልፋል። መሐሉን የጎርፍ ውሃ ሸርሽሮታል። እጃቸውን ካቡ ላይ እያሳረፉ ወጡ። ከላይ ስምንት አባወራ አለ። አንድ ጎረቤታቸው ሲሞቱ ቃሬዛውን በጎኑ አዘንብለው እንዳወጡት እያለቀሱ ነገሩኝ።

ያ መንገድ የእኔ ካርታ ላይ የለም። የባለሱቁ ይዞታ ውስጥ ነው። በእኔ ፕላን መሠረት ፎቁን ሲሠራ ይዘጋዋል፤ መብቱም ነው። ለካ እኔ ያቀድኩት የፊቱን ረድፍ ብቻ ኖሯል። የፊቱ ረድፍ ድፍን ካለ ደግሞ ለኋላው ሰው ግድግዳ ይሆንበታል። ባለሱቁም ይጎዳል፤ ከኋላ በእግሩ እየመጣ ስኳርና ዘይት የሚገዛው ያው ሰው ነውና።

እንደገና ጀመርን። የሰፈሩን ልጆች ይዘን በእግራችን ዞርን። እያንዳንዱን መተላለፊያ ለካን። የአየር ፎቶ ላይ ዛፍና ጣሪያ የሸፈነውን ሁሉ ልጆቹ ያውቁታል። መለኪያችን ቀላል ነበር፦ ቃሬዛ ሳይዘነብል ይወጣል? ከዚያ ቀጥሎ ነው የእሳት አደጋ መኪናውን ያሰብነው። ከይዞታው ለመተላለፊያ ለሚለቅ ሰው አንድ ተጨማሪ ፎቅ እንዲፈቀድለት ሐሳብ አቀረብን። ይዞታቸው ጠባብ የሆነ ጎረቤታሞች ደግሞ አንድ ላይ ሠርተው ቤት ቤታቸውን በስማቸው እንዲይዙ የጋራ ሕንፃ አዋጁ፣ ቁጥር 370/1995፣ መንገድ ይከፍታል። ከየብሎኩ ጀርባም ዕድር ድንኳን የሚጥልበት ሜዳ ተውን። ፎቅ ላይ የሚኖር ሰውም ለቅሶ ይደርሰዋል።

ውሃን ዘግይቼ ነው ያሰብኩት። ቀድሞ መምጣት ነበረበት። በፈረቃ የሚመጣ ውሃ ሦስተኛ ፎቅ በራሱ አይወጣም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሕንፃ የምድር ታንከርና የጣሪያ ሮቶ ቦታ ፕላኑ ውስጥ አስገባን።

የእማማ መተላለፊያ አሁን ካርታው ላይ አለ። የሚነካው ሦስት ይዞታ ነው። ባለሱቁና አንድ ጎረቤቱ ተስማምተዋል። የሦስተኛው ቤት ወራሽ ሌላ ከተማ ነው የሚኖረው። ለጥምቀት ሲመጣ እማማ እቤታቸው ቡና አፍልተው ሊያነጋግሩት ነው፤ እኔንም ጠርተውኛል።